ቀለም የጎደለው ቤት

አያ ፈንታው ማረፉን የሰማሁት ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው። ያዘዘኝ ሰውዬ ከኮን የመጣ ገበሬ ነበር። ግድግዳውን፣ ኮምፒውተሩን፣ እኔንም ደጋግሞ ሲያይ ቆየና «ያ ማሽን የሚገሥጽ ሰውዬ እዚህ አልነበር የሚሠራ?» አለኝ። ነበር አልኩት። «እኛ ዘንድ እህቱ ቤት ተኝቶ ከረመ። ሰኞ ቀበርነው» አለ። እጄ ፊደሉ ላይ ቀረ። ያዘንኩት ቆይቶ ነው። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ አሁን ሰማይ ቤት በር ላይ ቆሞ «ችግሩ ከእኔ አይደለም፤ ሲስተሙ ነው» እያለ ይሆናል የሚል ነበር።

ላሊበላ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ላይ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ በአንዲት ጠባብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። እኔ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ። እሱ «ቴክኒሺያን» ነው። ቃሉን በራችን ላይ በገዛ እጁ ጽፎታል፣ ሁለት ቦታ ፊደል ስቶ። ረዥምና ቀጭን ነበር፤ አመድማ ኮቱን ክረምት ከበጋ አያወልቅም፤ በደረት ኪሱ ከእስክሪብቶው ጎን ካቻቢቴ ይሰካል። ደብዳቤ ሲፈርም ካቻቢቴውን መዝዞ ወረቀት ሲቀድ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

በልጅነቱ የቅኔ ተማሪ ነበር። ነአኩቶ ለአብ ገዳም አጠገብ ጉባኤ ዘርግተው ከሚያስተምሩት ከየኔታ ጥበቡ ዘንድ ገብቶ፣ ጉባኤ ቃና ላይ ሲደርስ ጥሎ ወጣ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ያላት፣ ጀማሪ የሚቆጥራት የመጀመሪያዋ ቅኔ ናት። እንግዲህ ሰውዬው የተመለሰው ከደጃፉ ነው። ለምን ወጣህ ሲሉት «ራዲዮ ጠራኝ» ይላል። ከራዲዮ ጥገና ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ሞባይል፣ ከሞባይል ወደ ኮምፒውተር እየተሻገረ፣ ያለፈበትን ሁሉ ፈታቶ እኛ ዘንድ ደረሰ።

ከቅኔ ቤት ይዞት የወጣ አንድ ነገር ነበረው፤ የትኛውንም ጽሑፍ ላይ ላዩን አያነብም። ኮምፒውተሩ አንዲት መስመር እንግሊዝኛ ሲያወጣበት መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ መስመሯን እየጎተተ በንባብ ዜማ ካወረዳት በኋላ «ሰሙስ ይህ ነው፤ ወርቁ ምንድን ነው?» ብሎ ያሰላስላል። አንድ ቀን ማተሚያው ወረቀት የለም አለ። «ሰሙ ወረቀት ነው፤ ወርቁ ግን ጥርሱ ነው» አለና እስከ መጨረሻው ብሎን ፈታታው። ደንበኛ ተሰልፎ፣ የማተሚያው ጥርስ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ዋልን። ወረቀት አልነበረውም።

ነገር የጠናው በየኔታ ቅኔ ነው። የኔታ ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ፣ በየበዓሉ የተቀኙት ለተማሪ እንዲቀር አሰቡና እኛ ዘንድ እየመጡ በቃል ይነግሩን ጀመር። ቅኔ አንዴ ከተባለ አይደገምም፤ የዛሬው ለዛሬ ነው። እሳቸው ግን ከእርጅና ጋር እየተከራከሩ ከልባቸው ቆፍረው አወጡት። ሁለት ዓመት ፈጀ። አብዛኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ወልጄ በተኛሁበት ሁለት ወር ደግሞ አያ ፈንታው ጻፈላቸው። የምንጽፍበት ፕሮግራም ሽማግሌ ነበር። አያ ፈንታው ድሮ በሲዲ ያገኘው፣ ግዕዙን በራሱ ዘዴ የሚያስቀምጥ፣ በእሱ የተጻፈውን ከእሱ በቀር ሌላ ፕሮግራም የማያነበው ዓይነት ነው። «ጥሩ ነው፤ ሌባ ቢወስደው እንኳ አያነበውም» ይለን ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ጠፍቶ የከረመው መብራት ተናዶ ተመለሰና አሮጌዋን ኮምፒውተር አቃጠላት። እኔ ራሴን ያዝኩ። «አትስጊ የሺ፣ ቅኔውን ሁለት ቦታ አስቀምጬዋለሁ» አለኝ አያ ፈንታው ደረቱን ነፍቶ። ሁለቱም ቦታ እዚያችው የተቃጠለችው ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። ደግነቱ ዲስኩ ተርፎ ተገኘ። እንግሊዝኛ ሲያስተምር የከረመ አንድ እንግዳ ትቶልን የሄደው ላፕቶፕ ነበር፤ ሊኑክስ በሚባል በማናውቀው ሥርዓት የሚሠራ ነው ብለን ማንም አይነካውም፣ ደረሰኝ መጫኛ አድርገነው ነበር። ዲስኩን እሱ ላይ ሰክተን ፋይሉን ስንከፍተው በግዕዝ ፋንታ የጥያቄ ምልክት፣ ሰረዝ፣ አናቱ ላይ ዝንብ ያረፈበት የፈረንጅ ፊደል ተርመሰመሰ።

የኔታ በባጃጅ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። «ምን ይላል?» አሉ።

«ምንም አይልም የኔታ፤ ፊደሉ ተዘበራርቋል።»

«ተዝካር የሚወጣው ሰው ሲሞት ነበር፤ የእኔ ቅኔ በቁሜ ተዝካሩ ሊወጣ ነው። መልሼ እንዳልነግራችሁ ከልቤ ሄዷል። ያለው እዚያ ብቻ ነው።» እዚያ ሲሉ በጣታቸው ያሳዩት ፎቶ ኮፒውን ነበር።

አያ ፈንታው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና «በሦስት ቀን፣ የኔታ» አለ። ከአንድ ወር በላይ ፈጀ።

ላፕቶፑን በተረከበ ሰዓት መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቀኑን መቀየር ነው። «ላስታ ተቀምጦ በፈረንጅ ዘመን የሚኖር ማሽን እኔ ዘንድ አያድርም» አለ። ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አስገባለት፤ በኢንተርኔት ራሱን እንዳያስተካክልም ከለከለው። እኔ ደስ አለኝ። ደብዳቤ በጻፍኩ ቁጥር ቀን ከመቁጠር ተገላገልኩ።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ሊኑክስ የኛን ሽማግሌ ፕሮግራም በቀጥታ አይቀበለውም፤ በመካከል ሆኖ የሚያስታርቅ ወይን የሚባል ፕሮግራም ከኢንተርኔት ማውረድ ያስፈልጋል። ወይን ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ ለድሮ ፕሮግራም የሚሆኑ ሌሎች ትንንሽ ፋይሎች ይፈልጋል፤ እነሱም የራሳቸው ይፈልጋሉ። አያ ፈንታው «ጥገኞች» አላቸው። «ለተዝካር አንድ ሰው ጠርተሽ ታውቂያለሽ? አሥር ሆኖ ነው የሚመጣ። ይኸው ነው» አለኝ። ከዚህ አባባል የተሻለ እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም፤ ለእሱ ግን ምንም አልፈየደለትም። ትእዛዙን ይጽፋል፣ ማሽኑ እንቢ ይላል። አጥፍቶ ያበራዋል። በዱላ ሊመታው የሚቃጣ ይመስል ጣቱን እየቀሰረ «ተቀመጥ! ቃሌን ስማ!» ይለዋል። አሁንም እንቢ።

የኔታ በየሳምንቱ ይመጣሉ። «ዛሬስ ምን ጎደለ?»

«ወይን ነው የኔታ። ወይን ካልገባለት አይነሳም።»

በሳምንቱ ሲመጡ ከጋቢያቸው ጫፍ የተቋጠረ ዘቢብ ፈትተው ሰጡት። «ከመቅደሱ አይደለም፣ ከራሴ ነው። ጨምቁና ስጡት» አሉ። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ይቀልዱ ይሁን የምራቸውን ይሁን እስካሁን አላውቅም፤ የቅኔ መምህር ፊት አይነበብም። አያ ፈንታው ግን ፈገግም አላለ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ የኔታ፣ ይጠቅማል» ብሎ ተቀበላቸውና ሁለት ቀን እሱን እየቆረጠመ ሠራ።

ማሽኑ ደጋግሞ የሚያወጣቸው ሁለት ቃላት ነበሩ። አንዱ፣ የኢንተርኔት ገጽ ለመክፈት ስንሞክር የሚመጣው፣ «ሰዓትህ ወደ ኋላ ቀርቷል» ይላል። ዕድሜውን ሙሉ ወርቅ ሲቆፍር የኖረ ሰው ያን ዕለት ሰሙን ይዞ ቀረ። የእጅ ሰዓቱን አየ። ወደ ጆሮው አስጠግቶ አዳመጠው። ጎረቤት ካለው ልብስ ሰፊ ጋር አመሳክሮ መጣና ሁለት ደቂቃ ወደ ፊት አስኬደው። ከዚያ ማሽኑ ፊት ተቀምጦ «አሁንስ?» አለው።

ሁለተኛው ቃል የባሰ ነበር። ወይንን ለማውረድ በሞከረ ቁጥር «ይህ ፋይል ገና አልጸናም» ይልና እስኪጸና የሚቀረውን የቀን ቁጥር ያወጣል። አያ ፈንታው ጥፋቱን መጀመሪያ ለኔትወርኩ ሰጠ፤ ቀጥሎ ላፕቶፑን ለተወልን እንግዳ፤ ቀጥሎ ለእኔ፤ «ማሽኑ ሴት ስታየው ይኮራል» ብሎ። እኔም በበኩሌ ከማሾፍ በቀር ያደረግሁት የለም። ቁጥሩ እኮ ዓይኔ ሥር ነበር። ደብዳቤ ሁሉ ላይ በየቀኑ ሁለቱንም ዘመን የምጽፍ እኔ፣ አንድ ቀን እንኳ ቆም ብዬ አላሰብኩም።

አንድ ሐሙስ የኔታ እያሳሉ መጡ። የባጃጁ ሹፌር ደግፎ አስገባቸው። አግዳሚው ላይ ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ «ፈንታው፣ እኔ ከእንግዲህ የምመላለስ አይመስለኝም። ቁርጡን ንገረኝ። ይነሳል ወይስ አይነሳም?» አሉት።

አያ ፈንታው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «ይነሳል የኔታ። ብቻ ገና አልጸናም ነው የሚለው። መጽናቱ አይቀርም፤ ቀን ሰጥቶናል።»

«ስንት ቀን?»

ወደ ማሽኑ አጎንብሶ አነበበ። «ሁለት ሺህ ስምንት መቶ አሥር።»

እኔ በሐፍረት መሬቱን አየሁ። ለሚያስል ሽማግሌ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ቀን ታገሡ ማለት ምን ማለት ነው? የኔታ ግን አልተቆጡም። ግራ እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው በአውራ ጣታቸው የጣቶቻቸውን አንጓ መቁጠር ጀመሩ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው በዓልና ጾም የሚያወጣው እንዲህ ነው። ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ጣቶቻቸውን ሦስት ጊዜ ዞሩና አቆሙ።

«ሰባት ዓመት፣ ከስምንት ወር፣ ከጥቂት ቀን» አሉ። «ፈንታው፣ ያንተ ማሽን ስንት ዓመተ ምሕረት ላይ ነው ያለ?»

«በእኛው ነዋ የኔታ!» አለ ኩራት እየተሰማው። «እኔው ነኝ ያስገባሁለት።»

«ፋይሉን የሚልክልህስ ማን ነው?»

«ፈረንጅ።»

«ፈረንጅ ቀኑን በማን ይጽፋል?»

ልብስ ሰፊው ጎረቤት ሲረግጥ የነበረውን መኪና እንኳ ያቆመ መሰለኝ። ማሽኑ ለካ አንድ ወር ሙሉ ይህንኑ ሲነግረን ከርሟል፤ የዛሬ ጽሑፍ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ለቆመ ሰው ገና ያልተወለደ ነው። አያ ፈንታው ኮቱን አወለቀ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሲያወልቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ኮቱን በስክሪኑና በራሱ ላይ እንደ ድንኳን ጣለና እዚያ ውስጥ ገብቶ ቀኑን አስተካከለ። ሲወጣ «የኔታን እየፈተንኩ ነበር» አለኝ በሹክሹክታ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይላሉ፤ ከእኛ ደጃፍ ግን አንድ ወር ሙሉ ተቆረጠ።

ወይን ከነጥገኞቹ ከሰዓት በኋላ ገባ። ሲዲው ተንጫጫ፣ ሽማግሌው ፕሮግራም ተነሣ፣ ፋይሉ ተከፈተ፣ ግዕዙም ቁልጭ ብሎ ወጣ። እኔ ሳላስበው እልል አልኩ። የኔታ ከአግዳሚው ሳይነሱ «አንብቢ» አሉኝ።

እየመጡ ለአምስት ቀን አነበብኩላቸው፤ ሳሉም ተሻላቸው። የሚያርሙትን አርማለሁ፤ የሚያልፉትን አልፋለሁ። ግዕዙን አነበዋለሁ እንጂ ምስጢሩን ስለማልሰማ፣ እሳቸው አልፎ አልፎ በአማርኛ ይነግሩኛል። በሦስተኛው ቀን ከአንድ ረዥም ቅኔ ሥር የተጠጋች ሁለት ቤት አነበብኩ። እጃቸውን አነሱ።

«ይህ የእኔ አይደለም።»

«ረስተውት ይሆናል የኔታ።»

«ልጄ፣ የወለድኩትን ብረሳም ያልወለድኩትን አውቃለሁ። ድገሚው።»

ደገምኩት። ትርጉሙን ራሳቸው በአማርኛ ነገሩኝ፤ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ ውጭ ቆሞ ማንኳኳቱን ስላልተወ ሰው ነው። ገጹን አየሁ። ወልጄ በተኛሁበት ወር የተጻፈ ነው። ዞር ስል አያ ፈንታው ጥግ ተቀምጦ፣ የኮምፒውተሩን ጤነኛ የፊደል ገበታ ገልብጦ አቧራ ሊያራግፍ በኃይል ይነፋል። ጆሮው ቲማቲም መስሏል።

«ሰሙም ወርቁም ደኅና ነው» አሉ የኔታ ለማንም እንደማይናገሩ ሁሉ። «ብቻ ሁለተኛው ቤት አንድ ቀለም ጎድሎታል።»

አያ ፈንታው ከመቀመጫው ዘለለ። «ቀለምማ ትናንት ነው የሞላሁት!» ብሎ ወደ ማተሚያው ሮጠ።

በቅኔ ቤት ቀለም ማለት የቤቱ ልክ የሚቆጠርበት አንዷ ድምፅ ናት፤ ይህን እሱ ከእኔ በላይ ያውቃል። የማተሚያውን ክዳን ከፍቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። የኔታ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ፈንታው፣ አንተ ነህን?»

«ሶፍትዌሩ ነው የበላው የኔታ» አለ ወደ ማተሚያው እንደዞረ። «በቃል ሙሉ ነበር።»

«በል ሙሉውን በልልኝ።»

ዞረ። እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ እንደ ተማሪ ራሱን ዘንበል አድርጎ በቃሉ አለው። የት ላይ እንደሚጎድል እኔ ማይሟ እንኳ ሰማሁት።

«አሁንስ ማን በላው?» አሉት።

ስድስት ዓመት ሙሉ ሳሾፍበት የኖርኩት ሰው፣ ሃምሳ የተጠጋው ሰው፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ቆመ። ያን ጊዜ አዘንኩለት፤ ትንሽም በራሴ አፈርኩ። የኔታ ሳሉና «ይግባ» አሉ። «ታርሞ ይግባ። ስሙንም ከሥሩ ጻፊለት።» የጎደለችውን ቃል ራሳቸው ነገሩኝ፣ አስገባሁ። ስሙን ግን አያ ፈንታው ለእኔ አልተወውም፤ ራሱ ጻፈው። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ የእሱ ስም ከየኔታ ስም ገዝፎ ተገኘ። ጥፋቱ የማተሚያው ነው አለ።

እርማቱንም አልተቀበለም። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ፎቶ ኮፒ እያነሳሁ፣ እንጀራ እየቆረስኩ ሳይቀር ያችን ሁለት ቤት ከነጉድለቷ በዜማ እያወረደልኝ «ጎድሎ አይደለም እኮ የሺ፤ ትንፋሽ ነው። እዚያ ጋ ሰው መተንፈስ አለበት» ይለኛል። ተንፍስ እንግዲያ እለዋለሁ። ሳልፈልግ በቃሌ ያዝኳት። በክረምቱ ጉበቱን ታመመና ሥራ ትቶ ኮን እህቱ ዘንድ ሄደ። ሲሄድ ላፕቶፑን ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቆ ነበር፤ ከእሱ በቀር የሚያውቀው የለምና።

የገበሬውን ማመልከቻ ጨርሼ ሰጠሁና ቤቱን ዘግቼ በባጃጅ ወደ ነአኩቶ ለአብ ወረድኩ። የኔታ ከጎጇቸው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ድምፄን ለይተው «የሺ ነሽ?» አሉ። ነገርኳቸው። «መጽሐፉን ይዘሻል? ያችን አንብቢልኝ» አሉኝ።

ከፈትኩና አነበብኩ። ሁለተኛው ቤት መሃል ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንደሱ አይደለም። እሱ እንዳለው።»

«የኔታ፣ እሱ እንዳለውማ አንድ ቀለም ይጎድለዋል፤ እርስዎ ነዎት ያረሙት።»

«ይጉደለው» አሉ።

መጽሐፉን አጠፍኩና በቃሌ፣ እሱ በሚያወርድበት ዜማ፣ እንዳለው አልኩት። ቀለሙ በሚጎድልበት ቦታ ትንፋሽ ወሰድኩ። የኔታ እዚያች ላይ በመቋሚያቸው መሬቱን አንድ ጊዜ መቱት።